ሾፌሩ ማን ነው?

ባለፈው እሑድ ገና በማለዳው የእህቴ ልጅ ደወለልኝ። ሰርግ የሚቀርጽ፣ የቀረጸውንም ሌሊት ሌሊት ቤቱ ተቀምጦ የሚያቀናብር ወጣት ነው። «አጎቴ፣ ስክሪኑ ጠቆረብኝ» አለኝ፤ ድምፁ ሰው የሞተበት ይመስል ነበር። ማክሰኞ ለሙሽሮቹ የሚያስረክበው ቪዲዮ አለበት፤ ቀብዱንም ተቀብሎ ጨርሶታል። ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ ከጨለማ በቀር ግን የሚታይ ነገር የለም። ምን ነካክተህ ነበር ብዬ ብጠይቀው፣ ማታ «አዲስ ድራይቨር ወጥቷል» የሚል መልእክት መጥቶለት እሺ ማለቱን ነገረኝ።

እኔ ቀን ቀን ከመስታወት ጀርባ ተቀምጬ ገንዘብ የምቆጥር፣ ሲመሽ ግጥም የምሞክር ሰው ነኝ። ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ራሴ አበላሽቼ ራሴ ስጠግን የተማርሁትን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ጉዳይ ላይ ለዓመታት ይዤው የቆየሁት አቋም አለኝና፣ ልጁን ለጊዜው ስልክ ላይ እናቆየውና እርሱን ላውጋችሁ።

ድራይቨር የሚለውን ቃል በቁሙ ብንፈታው «ሾፌር» ይሆናል። ለእኔ ግን ከሾፌር ይልቅ በችሎት ፊት የሚቆም አስተርጓሚን ይመስለኛል። ፕሮግራሙ የሚናገረው አንድ ቋንቋ አለ፤ ግራፊክስ ካርዱ የሚሰማው ሌላ ቋንቋ አለ። «እዚህ ሦስት ማዕዘን ሣል፣ እዚያ ላይ ጥላ ጣል» የሚለውን ትእዛዝ ሳያዛንፍና ሳይዘገይ የሚያደርሰው በመካከል የቆመው ድራይቨር ነው። አስተርጓሚ ሥራውን ሲያውቅ መኖሩ ይረሳል። ሲሳሳት ግን ባለጉዳዩም ዳኛውም አብረው ይጠፋሉ፤ ሁለቱም እውነት እየተናገሩ አይግባቡም።

ታዲያ ካርድ ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ጊጋ ነው?» ብሎ ነው። አስተርጓሚው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ እምብዛም አላጋጠመኝም። የሚጠይቅ ቢገኝም የሚመለስለት ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የኖረ ብሂል ነው፦ የኤንቪዲያ ድራይቨር የታመነ ነው፣ የኤ.ኤም.ዲ. አያስተማምንም።

ብሂሉን መዝገብ ሲመረምሩት እንዲህ ቀላል አይደለም (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ)። በ2008 አሜሪካ ውስጥ በማይክሮሶፍት ላይ በቀረበ ክስ የተነሳ ይፋ የወጡ ሰነዶች ነበሩ። በእነርሱ ውስጥ በ2007 በዊንዶውስ ቪስታ ላይ ከተመዘገቡት ብልሽቶች 28.8 በመቶው የኤንቪዲያ ድራይቨር ያስከተላቸው ተብለው ሰፍረዋል፤ በ2006 ኤ.ኤም.ዲ. የገዛው የኤቲአይ ድርሻ ግን 9.3 በመቶ ነበር። እርግጥ ነው፣ ቁጥሩ የእያንዳንዱ ኩባንያ ካርድ በስንት ሰው ቤት እንደነበረ አይናገርም፤ በዚያ ላይ ቪስታ የድራይቨርን አሠራር ከሥሩ ስለለወጠ ሁሉም እንደ አዲስ መጻፍ ነበረበት። ሆኖም ታሪኩ በዚያ አላበቃም። በመጋቢት 2010 ኤንቪዲያ 196.75 የተባለውን ድራይቨር የካርዱን ማራገቢያ በአግባቡ ስለማይቆጣጠር መልሶ ሰብስቦታል። በ2025 መጀመሪያም አዲሶቹን ካርዶቹን የገዙ ሰዎች ስክሪናቸው እየጠቆረ ተቸግረው ኩባንያው ማስተካከያ በማስተካከያ ላይ ደራርቧል። ኤ.ኤም.ዲ.ም ቢሆን በ2019 ባወጣቸው ካርዶች በዚሁ በጨለማ ሕመም ታሞ እስከ 2020 ሲታከም ከርሟል። ኢንቴል በ2022 አርክ የተባሉትን ካርዶች ይዞ ሲመጣ የቆዩ ጌሞችን መክፈት ፈተና ሆኖበት ነበር፤ ከወራት በኋላ ግን በሚያስደንቅ ፍጥነት አሻሽሎታል። ካርዱ ያው ካርድ ነው፤ የተለወጠው አስተርጓሚው ብቻ ነበር።

ስለ አጠቃቀም ቅለት ከተነሳ ደግሞ የኔ ሚዛን ከብዙዎች ይለያል። የኤንቪዲያ መቆጣጠሪያ ገጽ ከሃያ ዓመት በፊት የለበሰውን ልብስ ሳይቀይር ኖሯል። ሲከፈት ያዛጋል፣ ነገር ግን ዕቃው ሁሉ ትናንት ባስቀመጥኸው ቦታ ይገኛል፤ እንደ አሮጌ የባንክ መዝገብ። ያናደደኝ ሌላው ነው። ድራይቨር እንዲያድስልህ የተሠራው ጂፎርስ ኤክስፒሪየንስ ከ2016 ጀምሮ «መጀመሪያ አካውንት ክፈት» ይል ነበር። እኔ አካውንት ስከፍት የምውል ሰው ነኝ፤ ደንበኛ ስሙን የሚሰጠኝ ገንዘቡን አደራ ሊያስቀምጥ ነው። በገንዘቡ የገዛውን ዕቃ እንዲሠራለት ብሎ ስሙን የሚሰጥበት ምክንያት ግን ሊገባኝ አልቻለም። በ2024 በተተካው አዲሱ ፕሮግራም ይህ ግዴታ ቀርቷል፤ ስምንት ዓመት ፈጀ። የኤ.ኤም.ዲ. አድሬናሊን ስም አይጠይቅም፣ ሁሉንም በአንድ መስኮት ሰብስቧል፤ የድሮውን ካታሊስት ዝግመት ለሚያስታውስ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን እንደ ገበያ ቀን ተጨናንቋል። በአንድ ወቅት ኢንተርኔት መቃኛ ሁሉ ጨምረውበት ነበር! የሁለቱም ጥቅል ከብዙ መቶ ሜጋባይት በላይ ነው፤ ዳታ በካርድ እየሞላ የሚጠቀም ሰው ይህን ከቅለት ሊቆጥረው አይችልም።

ከፍጥነትም ከቅለትም በላይ የማስበልጠው ግን ዕድሜን ነው። ግጥሞቼን የምጽፍበት ኮምፒውተር ሦስተኛ ባለቤቱ እኔ ነኝ። ውስጡ ያለው ካርድ በ2012 ገደማ ከወጡት የኤ.ኤም.ዲ. ካርዶች ወገን ሲሆን፣ ኩባንያው በዊንዶውስ ላይ ድጋፉን በ2021 አቁሟል። በሊነክስ ላይ ግን ዛሬም ያለ ችግር ይሠራል፤ ምንም አልጫንሁለትም፣ ድራይቨሩ ከሥርዓቱ ጋር አብሮ መጣ። ምክንያቱ ኩባንያው በ2007 የካርዶቹን ሰነድ ገልጦ ለመስጠት መወሰኑ ነው። አስተርጓሚው የተማረበት መዝገበ ቃላት በአደባባይ ስላለ፣ ኩባንያው ቢሰለች ሌላው ያነብበዋል። ኤንቪዲያ መዝገበ ቃላቱን ለረጅም ዘመን ቆልፎ በመያዙ፣ ኑቮ የተባለውን ነጻ ድራይቨር የሠሩት ሰዎች ቋንቋውን በማድመጥ ብቻ መማር ነበረባቸው። የሊነክስ አባት ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2012 ፊንላንድ ውስጥ በአንድ መድረክ ላይ ኩባንያውን በጣት ምልክት ጭምር የሰደበው በዚሁ ተናዶ ነው። ኤንቪዲያ በ2022 የድራይቨሩን አንድ ክፍል ገልጧል፣ ያውም ለአዳዲሶቹ ካርዶች ብቻ። አዲስ ዕቃ በየሁለት ዓመቱ ለሚገዛ አገር ይህ ዝርዝር ጉዳይ ይሆናል። ኮምፒውተር ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ በሚያረጅበት በእኛ ዘንድ ግን አንድ ካርድ መች ቆሻሻ እንደሚሆን የሚወስነው ይኸው ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። ሲነሳ በግድ አጥፋው፣ ይህንንም ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግመው አልሁት። እንደዚያ ሲደረግ ዊንዶውስ ራሱ ደንግጦ የጥገና ገጹን ያወጣል። ከዚያ በሴፍ ሞድ ገባ፤ በዚያ በኩል ማሽኑ የኩባንያውን ድራይቨር ትቶ በራሱ ተራ ድራይቨር ይሠራል። ወደ ቀድሞው ድራይቨር እንዲመልሰው አደረግን፤ ስክሪኑ በራ፤ «ተመስገን!» ሲል ከጀርባው የእህቴ እልልታ ተሰማኝ።

«ለመሆኑ ገንዘብ ሳጠራቅም የቱን ልግዛ?» አለኝ። ለአንተ ኤንቪዲያ ይሻልሃል፣ የምታቀናብርበት ፕሮግራም ከእርሱ ጋር ይስማማል አልሁት፤ ነገር ግን ለጌም ተቻኩሎ የሚወጣውን ትተህ ከ2019 ጀምሮ ለእንዳንተ ያለ ባለሙያ የሚወጣውን ስቱዲዮ ድራይቨር ጫን፤ ቀብድ በልተህ ሳለ ደግሞ ምንም አታድስ። ለራሴ ብገዛ ኤ.ኤም.ዲ. እንደምገዛም አልደበቅሁትም። «ታዲያ ለምን የማትገዛውን ትመክረኛለህ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ማክሰኞ ማታ ቪዲዮውን አስረክቧል። ኮምፒውተሩም እስከ ዛሬ ድረስ በየጠዋቱ «አዲስ ድራይቨር ወጥቷል» እያለው ነው።