«ደህና ነህ?» ሳይሆን «ምን በላህ?»

ነሐሴ በመጣ ቁጥር ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳር፣ ከሐዋሳ የተነሱ አዳዲስ ተማሪዎች ኮሎምበስ ይገባሉ። ማኅበራችንም በየዓመቱ የአቀባበል ዝግጅት ያደርግላቸዋል። እንጀራው አለ፣ ቡናው አለ፣ እስክስታው አለ። ዝግጅቱ ደስ ይላል፣ ይቀጥልም እላለሁ። ቅር የሚለኝ ቀኑ ነው። የምንጨፍረው ትምህርት ከተጀመረ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲሆን፣ አዲሱ ተማሪ በጣም የሚቸገረው ግን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ነው። ለእነዚያ ቀናት ለእያንዳንዱ አዲስ ተማሪ አንድ ሰው ልንመድብ ይገባል።

ሦስቱን ቀናት እስቲ አስቧቸው። ቅዳሜ ማታ ጆን ግሌን ኤርፖርት የደረሰ ተማሪ ቢሮ የሚከፈትለት ሰኞ ነው። የያዘው የሀገር ቤት ሲም ስለሆነ ዋይፋይ ከሌለ ስልኩ አይሠራለትም። ኮንትራት ስልክ ወይም አፓርትመንት ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አምጣ ይባላል። በኤፍ-1 ቪዛ የመጣ ተማሪ ደግሞ ያንን ቁጥር ለማግኘት መጀመሪያ የተፈቀደ ሥራ፣ ለምሳሌ የካምፓስ ሥራ፣ ማግኘት አለበት። ከተማዋ ሰፊ ናት፣ ባቡር የላትም። የኮታ አውቶቡስ 2 ዶላር ነው፤ ግን የሀበሻ ሱቅ ፍለጋ ወደ ክሊቭላንድ አቬኑ ወይም ወደ ሞርስ ሮድ በየትኛው እንደሚሄድ ማን ይንገረው? ሰዓቱ እንኳን ያምታታል። «ነገ 2 ሰዓት» ሲባል እኛ ጠዋት ነው የምንለው፤ እዚህ ግን ከሰዓት በኋላ ነው።

ባለፈው ዓመት የመጣ አንድ የማውቀው ልጅ እነዚህን ሦስት ቀናት ያሳለፈው እናቱ በቋጠሩለት በሶና ቆሎ ነበር። የዶርሙ ካፍቴሪያ ገና አልተከፈተም፤ በአቅራቢያው ሱቅ ይኑር አይኑር አያውቅም። እናቱ አዲስ አበባ ላይ ጎህ ሲቀድ በቪዲዮ ይደውላሉ፤ እዚህ ያኔ ገና እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው። «በላህ ልጄ?» ሲሉት «በልቻለሁ፣ ደህና ነኝ» ይላቸዋል። አልዋሸም፣ በሶ በልቷል! አሁን ስናወራው እንስቃለን። ግን በእነዚያ ቀናት ትኩሳት ይዞት ቢሆን ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር።

ነርሲንግ ስንማር ቶሎ ከምንማራቸው ነገሮች አንዱ አጠያየቅ ነው። በሽተኛውን «አመመህ?» ብለን አናቆምም። «ሕመምህ ከዜሮ እስከ አስር ስንት ነው? የት ላይ ነው? መቼ ጀመረህ?» እንላለን። «አዎ» እና «አይ» ብዙ ነገር ይደብቃሉ። የእኛ ሰላምታ ደግሞ መልሱ ገና ሳይጠየቅ የታወቀ ነው። «ደህና ነህ?» ለሚል ሰው «ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው የሚባለው። በዚህ ላይ ይሉኝታ አለ። ሰው ላለማስቸገር ብሎ ዝም የሚል ሰው «የሚያስፈልግህ ነገር ካለ ደውል» ቢባል አይደውልም። ስለዚህ መደወል ያለብን እኛ ነን፤ የምንጠይቀውም ግልጽ መሆን አለበት። «ዛሬ ምን በላህ? አንሶላና ብርድ ልብስ አገኘሽ? ነገ ወዴት ነው የምትሄጂው? በምን?»

«ኮሌጁ ኦሪየንቴሽን አለው፤ ደግሞም ሕፃናት አይደሉም» የሚሉ አሉ። ኦሪየንቴሽኑ ጠቃሚ ነው፣ ግን የሥራ ሰዓት አለው። የአዋቂነት ጉዳይም አይደለም፣ የእንግሊዝኛም አይደለም። እኔ ያደግሁት ሲያትል ነው፤ እንግሊዝኛ አይቸግረኝም። ሆኖም ወደ ኮሎምበስ ስመጣ ማታ አሞኝ ቢያድር የምደውልለት አንድ ሰው በከተማው አልነበረኝም። ለእኔ እንዲህ ከከበደኝ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ ለመጣው እንዴት ይሆን?

በኦሃዮ ኢትዮጵያዊ ተማሪ አዲስ ነገር አይደለም። ዶክተር መላኩ በያን ከኮሎምበስ በስተምሥራቅ ኒው ኮንኮርድ ከሚገኘው መስኪንገም ኮሌጅ የተመረቁት እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። በኋላም በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተማሩ፤ ሀገራቸው በጣሊያን በተወረረችበት ዘመን፣ በ1937፣ ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ወርልድ ፌዴሬሽን እንዲመሠረት ደከሙ። ማኅበር ድሮም ለጭንቅ ቀን ነው። የእኛ ማኅበር ደግሞ ለድግስ ቀን ብቻ መሆን የለበትም።

የማቀርበው ሐሳብ ገንዘብ አይጠይቅም። አዲሱ ተማሪ ከሀገሩ ሳይነሳ የአንድ ሰው ስምና ስልክ ይላክለት። ያ ሰው በደረሰበት ማታ ይደውል፣ በማግስቱ አብሮት ይብላና ሱቅና አውቶቡስ ያሳየው፣ በሦስተኛው ቀን እንደገና ይጠይቀው። ሐኪም ወይም ጠበቃ እንሁን አላልኩም። ድንገተኛ ሕመም ከሆነ 911፣ ተስፋ መቁረጥና ከባድ ጭንቀት ከሆነ 988 መደወል እንደሚቻል መንገር ግን ማንም ይችላል።

በተለይ እዚህ ያደግን ልጆች ይህን ሥራ እንውሰድ። እስካሁን አዲስ መጪን የሚቀበለው አምና የመጣው ነው፤ እኛ «ከሀገር ቤት የመጡት» እያልን ዳር እንቆማለን። መኪናውም፣ ቋንቋውም፣ መንገዱን ማወቁም ያለው እኛ ጋ ነው። አማርኛችን ቢሰባበርም «ምን በላህ?» ለማለት ይበቃል። ነሐሴ ሳይገባ ስማችሁን ለማኅበሩ ስጡ።