ኢሹር የሌለው ቁስል



በቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና ከሚገኙት ፋብሪካዎች በአንዱ ለጽዳት ሠራተኞች ስለ አደገኛ ኬሚካሎች ትምህርት ሲሰጥ ለማስተርጎም ሄደን ነበር። አሠልጣኙ በዕብራይስጥ ይናገራል፣ እኛ በአማርኛ እንመልሳለን። ስለ ቃጠሎ ሲያስረዳ «አንዳንዱ ኬሚካል ቆዳ ላይ ሲያርፍ ወዲያው አያምም። ሰውየው ምንም አልሆንኩም ብሎ ቤቱ ይገባል። ከሰዓታት በኋላ ነው ቆዳው ቀልቶ ውኃ የሚቋጥረው፣ ዓይኑ የሚያብጠው፣ ድምፁ የሚዘጋው» አለ። ይኸን ስንተረጉም ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አነሡ። ጥያቄ አልነበራቸውም። «የአባቴ ነገር ይኸ ነው» አሉ።

አባታቸውን እናውቃቸው ነበር። በ1990ዎቹ፣ እኛ ገና የአሥራ አምስትና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጆች ሳለን፣ የሠፈሩ ደብዳቤ ሁሉ በእጃችን ያልፍ ነበር። የመብራቱን ሒሳብ፣ የኩፓት ሖሊሙን ቀጠሮ፣ የቢቱዋሕ ሌኡሚውን ቶፌስ አንብበን ለታላላቆቻችን የምንነግር እኛ ነበርን። በ1996 አንድ ቀን እኒህ ሽማግሌ ጠሩንና «ልጆቼ፣ ለመንግሥት ደብዳቤ ጻፉልኝ፤ ኒሻን እፈልጋለሁ» አሉን። ሳቅን። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያሳፍረናል። እርሳቸው ግን አልተቆጡም፤ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው እግራቸውን አሳዩን። ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለው ቆዳ እንደ ተቀቀለ ብራና የተጨማደደ ነበር።

ነገሩን ያስነሣባቸው ጎረቤታቸው ነው። በዚያው ሕንፃ ከሩሲያ የመጡ አንድ አዛውንት ነበሩ። በየዓመቱ ሜይ 9 ቀን ደረታቸውን በኒሻን ሞልተው ይወጣሉ፣ ልጆችም አበባ ይሰጧቸዋል። ሁለቱ ሽማግሎች አንድ ቋንቋ የላቸውም፤ ደረጃው ላይ ሲገናኙ ግን ይጨባበጣሉ። «እኔም እኮ ጦር ሜዳ ነበርኩ» አሉን የእኛው አባት።

የሰሜን ሰው ናቸው፣ የቀጥቃጭ ልጅ። በ1928 ዓ.ም፣ በፈረንጅ 1935 መሆኑ ነው፣ የደጃዝማች አያሌው ብሩ ጦር ወደ ተከዜ ሲዘምት ከአባታቸው ጋር መዶሻ ተሸክመው ተከተሉ። ጠመንጃ አልተሰጣቸውም፤ ሥራቸው የሌላውን ጠመንጃ መጠገን ነበር። አንድ ጧት አውሮፕላን መጣና በርሜል የመሰለ ነገር ጣለ። እንደ ቦምብ አልጮኸም። ተሰብሮ ውኃ ፈሰሰው። «ጣሊያን ጥይት ጨረሰና ውኃ ይወረውርብን ጀመር ብለን ተሣሣቅን» ይሉ ነበር። በእርጥቡ ሣር ላይ በባዶ እግራቸው ተሻገሩ። ማታ እግራቸው አበጠ፤ በማግሥቱ ዓይናቸው አልገለጥ አለ። አባታቸው ከወንዙ ጠጥተው ስለ ነበር ከዚያ አልተመለሱም።

ይኸ ተረት አይደለም። የጣሊያን አውሮፕላኖች የሰናፍጭ ጋዝ የተባለውን መርዝ በራስ እምሩ ጦር ላይ በተከዜ የጣሉት ዲሴምበር 23 ቀን 1935 ነው። ራስ እምሩም የተናገሩት ይኸንኑ ነው፤ በርሜሎች ወድቀው እንደ ተሰበሩ፣ ፈሳሹም እጅና እግርን፣ ፊትንም እንዳቃጠለ። ጣሊያን በመርዝ ጋዝ መዋጋትን የሚከለክለውን የ1925 የጄኔቫ ስምምነት በ1928 አጽድቃ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ጁን 30 ቀን 1936 በጄኔቫ ቀርበው ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ነገሩት፤ ዓለም ሰማና ዝም አለ። ጣሊያን ግን ስድሳ ዓመት ካደች። የመከላከያ ሚኒስትሩ ጄኔራል ዶሜኒኮ ኮርቾኔ ለፓርላማቸው ጋዙ በእርግጥ ተጥሏል ብለው ያመኑት በፌብሩዋሪ 1996 ነው። እኛም ደብዳቤውን የጻፍነው በዚያው ዓመት ነበር። አላወቅንም እንጂ የጋዜጣውን ወሬ ቆርጠን አብረን በላክነው።

ከወራት በኋላ ከጻፍንለት መሥሪያ ቤት አንድ ገጽ መልስ መጣ። ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ በጦሩ ያገለገሉበትን ኢሹርና በቆሰሉበት ጊዜ የታከሙበትን የሐኪም ወረቀት። ተረጎምንላቸው። ጥቂት አሰቡና «እንግዲህ ኢሹሩን ከአውሮፕላን ነጂው ልጠይቅ?» አሉ።

የሐኪም ወረቀት! በዚያ ጦርነት የቀይ መስቀል ድንኳን ራሱ በቦምብ ይመታ ነበር። የስዊድን ቀይ መስቀል በመልካ ዲዳ የተደበደበው ዲሴምበር 30 ቀን 1935 ነው፤ ከተከዜው መርዝ ልክ በሳምንቱ። ቁስለኛው በጋዝ ተቃጥሎ ዓይኑ በጠፋበት፣ ሐኪሙም ከቦምብ በሚሸሽበት ስፍራ ማን ቶፌስ ሞልቶ ማኅተም ያደርጋል?

የፋብሪካው ትምህርት ያነቃን እዚህ ላይ ነው። በኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ሕጉ ኬሚካል ቀስ ብሎ እንደሚያቆስል ያውቃል። ቢቱዋሕ ሌኡሚ በአንድ ቀን የደረሰን የሥራ አደጋ ብቻ ሳይሆን የሥራ በሽታ የሚባለውንም ያውቃል፤ ሠራተኛው ዛሬ ነክቶት ከዓመታት በኋላ የሚታመመውን ማለት ነው። ሠራዊቱም ቢሆን ይኸን ተምሯል። የባሕር ኃይል ኮማንዶዎች ፋብሪካዎች ቆሻሻ በለቀቁበት በቂሾን ወንዝ ለዓመታት ጠልቀው ሠለጠኑ፣ ብዙዎቹም በካንሰር ታመሙ። በ2000 በዳኛ መኢር ሻምጋር የሚመራ ኮሚሽን ተቋቋመ። ሁለቱ ሳይንቲስቶች በሽታው ከወንዙ ለመምጣቱ ማስረጃ የለም አሉ፤ ሻምጋር ግን አለ ብለው ተለዩ። የመከላከያ ሚኒስትሩ ሻኡል ሞፋዝ በ2003 የሻምጋርን ሐሳብ ተቀብለው ለሕሙማኑ መብታቸውን ሰጡ። መልካም አደረጉ። አሜሪካኖችም ፐርፕል ኸርት የሚሉትን የቁስለኛ ኒሻን ሲሰጡ ጠላት በለቀቀው ኬሚካል የተጎዳውን እንደ ቆሰለ ይቆጥራሉ። (የራሳቸው ጦር በቬትናም በረጨው መርዝ የታመሙት ግን አያገኙትም፤ የእነርሱም ሕግ ቀዳዳ አለው።)

«ያ ጦርነት የእስራኤል አይደለም፣ እስራኤል ለምን ትሸልማለች?» የሚሉን አሉ። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ እኛም ተከራክረንበታል። ነገር ግን የጎረቤታቸው ጦርነትም የቀይ ጦር ነበር። በ2000 የሁለተኛው ዓለም ጦርነት አንጋፋዎች ሕግ ሲወጣ፣ በ2017ም ሜይ 9 የድል ቀን ሆኖ በሕግ ሲጸድቅ፣ አገሪቱ በሌላ ባንዲራ ሥር ከፋሺስት ጋር የተዋጉትን ወገኖቿን የራሷ አድርጋ ተቀብላለች። ለዚህ ደስ ይለናል። የእኛን አባቶች ከውጭ ያስቀራቸው ባንዲራው ሳይሆን የዘመኑ ቁጥር ነው። የዓለም ጦርነት በ1939 ተጀመረ ይባላል፤ ፋሺስት ግን ወደ እኛ ደጅ የመጣው በኦክቶበር 1935 ነው። የሙሶሊኒ ጦር ቀድሞ ስለ መጣብን ከወረፋው ወጣን!

ከመካከላችንም «ልጆቻችን ሥራ አጥተው፣ ቤት አጥተው ለሞተ ሰው ኒሻን ትጠይቃላችሁ?» የሚል አለ። እኛ በመምህራን ማሠልጠኛ የምንሠራ ነንና የምናየውን እንናገር። ልጆች በሰባተኛ ክፍል ገደማ የሾራሺም ሥራ ይሰጣቸዋል፤ የቤተሰባቸውን ሥር ጠይቀው መጻፍ አለባቸው። አንዱ የአያቱን ኒሻን በጨርቅ ጠቅልሎ ያመጣል። የእኛ ልጅ ስለ ሱዳን መንገድ ይጽፋል፣ ይህም ትልቅ ነገር ነው፤ ከዚያ በፊት ስላለው ግን «አያቴ ገበሬ ነበር» ብሎ ይዘጋዋል። አያቱ በተከዜ ወይም በማይጨው እንደ ነበረ የነገረው የለም፤ ወላጆቹም ወረቀት የሌለውን ነገር መናገር ፈርተዋል። እዚህ አገር ወረቀት የሌለው ነገር እንዳልተደረገ ይቆጠራል ብለን ለምደናልና።

ለሱዳን ሙታን ግን የሐኪም ወረቀት ማን ነበረው? በሔርጽል ተራራ በ2007 በተመረቀው መታሰቢያ ስማቸው ተቀርጿል። የቤተሰብ ምስክርነት ለዚያ ከበቃ ለዚህም ይበቃል። የምንጠይቀውም ይኸንኑ ነው፤ በጣሊያን ጦርነት በጋዝ ለተጎዱት፣ ጠመንጃ የያዙትንም መዶሻ የያዙትንም ሳይለዩ፣ የቤተሰብና የሽማግሎች ቃል ተሰምቶ በስማቸው የክብር ምልክት ይሰጥ። ጡረታ አልጠየቅንም፣ ካሣም አልጠየቅንም።

ሽማግሌው በ1999 አረፉ። መልሱን ደብዳቤ ልጃቸው እስካሁን አስቀምጠውታል፤ ከትምህርቱ በኋላ አምጥተው አሳዩን። በዳሩ ላይ በእኛ በልጆቹ እጅ የተጻፈ የአማርኛ ትርጉም አለ፣ የፊደል ግድፈቱ ብዙ ነው።

ስለዚህ ወላጆቻችንና ታላላቆቻችን፣ አባታችሁ ወይም አያታችሁ በተከዜ፣ በተምቤን፣ በማይጨው ወይም በሌላ ስፍራ በመርዝ ጭሱ የተጎዱ እንደ ሆነ ስማቸውን፣ አገራቸውን፣ የዘመቱበትን አለቃ ስምና ስለ ቁስላቸው ሲናገሩ የሰማችሁትን ንገሩን። በሁለቱም ቋንቋ እንጽፈዋለን። በፈረቃ የምትሠሩ ማታ መምጣት ካልቻላችሁ በምሳ ሰዓት ወደ ፋብሪካው በር እንመጣለን። የእኒያ እናት ቃል ባለፈው ሳምንት ተጽፎ አልቋል።