ቀጭኗን ልውሰድ ወይስ ደልደል ያለችውን?

አርዕስቱን አይታችሁ የትዳር ጉዳይ መስሏችሁ ከሆነ ተሸውዳችኋል! የዛሬው ጉዳይ የሳይክል ነው። ግን እሱም እንደ ትዳር ነው፤ ሳያስቡ ከገቡበት ያስለቅሳል።

ደብዳቤውን የላከልኝ ወጣት ሥራ ከያዘ ገና ሰባት ወሩ ነው። በታክሲ ሰልፍ ምክንያት ሁለቴ አርፍዶ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል። «ሦስተኛው ስንብት ነው» ይላል። ስለዚህ ከደመወዙ ቆጥቦ ሳይክል ሊገዛ ቆርጧል። ሻጩ ሁለት ያገለገሉ ሳይክሎች አሳይቶታል፤ ዋጋቸው እኩል ነው። አንደኛዋ ጎማዋ የቀጠነ፣ መሪዋ እንደ በግ ቀንድ ወደታች የተጠማዘዘ የውድድር ሳይክል ናት። ሌላዋ «ሃይብሪድ» የሚሏት፣ የውድድርና የማውንቴን ዲቃላ። «ልቤ ቀጭኗ ላይ ነው፤ ምን ትመክረኛለህ?» ብሎኛል።

ወንድሜ፣ ልብህ ለምን እንደሸፈተ ይገባኛል። ፅጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን እኔም ቀጭን ጎማ የሌላት ሳይክል ሳይክል አልመስልህ አለችኝ። እናቴን ለምኜ፣ ለምኜ በእቁብ ብሯ አንዷን ገዛሁ።

ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ወደ አራት ኪሎ ቁልቁለቱን ስወርደው ማን ይችለኛል! ማታ ዳገቱን ግን በእግሬ እየገፋኋት ነበር የምገባው። ከዚያ ክረምት መጣ። አንድ ማለዳ አስፋልቱ ላይ ውሃ አቁሯል። ከሥሩ የፍሳሽ መክደኛ ፍርግርግ ነበር፤ አላየሁትም። የፊት ጎማዬ ክፍተቱ ውስጥ ጥልቅ አለ፤ እኔ በመሪው ላይ ተወረወርኩ። እጄ ተሰብሮ ስድስት ሳምንት በጀሶ ተቀመጥኩ። የጀመርኳት ሥራ አልጠበቀችኝም። እናቴ ስለ ብሩ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ከስብራቱ ይልቅ ዝምታዋ ነው ያመመኝ።

ታዲያ ቀጭኗ መጥፎ ናት ማለቴ አይደለም። ቀላልና ፈጣን ናት። መንገድህ ከደጅህ እስከ ቢሮህ ለጥ ያለ አስፋልት ከሆነ፣ የምትሸከመውም ቦርሳ ከሌለህ ውሰዳት። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር የተሠራላቸው ጎዳናዎች አሉ። ግን እዚያ እስክትደርስ የሰፈርህ ኮብልስቶን አለ፤ ጉድጓዱ አለ፤ ጭቃው አለ። ሳይክል የሚመረጠው በመንገድህ ጥሩ ክፍል ሳይሆን በክፉው ክፍል ነው!

ሃይብሪዷ ቀና አድርጋ ስለምታስቀምጥህ የታክሲው በር ሲከፈት ቀድመህ ታያለህ። ለዳገት የሚሆን ቀላል ማርሽ አላት፤ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ በሆነች ከተማ ይህ ቀልድ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜም ፓራፋንጎና የዕቃ መጫኛ ይገጠምላታል፤ ያለ ፓራፋንጎ በክረምት ቢሮ የምትገባው ጀርባህ በጭቃ ተዥጎርጉሮ ነው።

ከመግዛትህ በፊት ግን ሻጩን አትመን፤ የጎማውን ጎን አንብብ። 23 ወይም 25 የሚል ከሆነ ቀጭን ነው። ከ32 እስከ 40 ያለው ለኛ መንገድ ይስማማል። የሰፈርህን ጎሚስታም ጠይቀው፤ የብዙዎቹ ውድድር ሳይክሎች መንፊያ አፉ ቀጭን ስለሆነ የሱ ፓምፕ ላይገጥም ይችላል። ፍሬኑን ቁልቁለት ላይ ሞክር። ከዋጋው ላይም የሄልሜትና የቁልፍ ብር አስቀር።

ቀጭኗ ላይ ሆነህ ሰው ዞሮ ያይህ ይሆናል፤ አልዋሽህም። አለቃህ የሚያየው ግን ሰዓቱን ነው። እኔ ብሆን ደልደል ያለችውን እወስዳለሁ።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!