ከገደሉ ላይ ቆሞ መቅረት

በላንጋኖ ሐይቅ ዋና የተማረ ልጅ ስለ ውቅያኖስ ምን ያውቃል ብላችሁ እንደምትስቁ አውቃለሁ። ቢሆንም ባለፈው ክረምት በካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ከሚኖሩት አጎቴ ዘንድ ሳለሁ፣ ልጃቸው ሳንታ ክሩዝ ወደምትባለው የባሕር ከተማ ወስዶ ስቲመር ሌን የተባለውን ስፍራ አሳየኝ።

ስፍራው ወደ ባሕር የሾለ ቋጥኛማ መሬት ነው። ከሩቅ የመጣው ማዕበል በአንድ ጊዜ አይፈርስም፤ ከጫፉ ጀምሮ በገደሉ ሥር እየታጠፈ ቀስ በቀስ ይፈርሳል። በሳንቃ ላይ ቆመው ማዕበል የሚጋልቡ ሰዎች የሚወዱትም ስለዚህ ነው፤ ግልቢያው ይረዝማልና። ነገር ግን የወደቀውን ሰው የሚቀበለው አሸዋ ሳይሆን ድንጋይ ስለ ሆነ፣ ስፍራው ለለመደ ሰው ብቻ ነው ይባላል።

እኔም ሳንቃ ተከራይቼ ልግባ አልሁ። ያጎቴ ልጅ «እዚህስ አትገባም» አለኝ። አፈርሁ፤ ተቈጣሁም። ባሕር የማንም ርስት አይደለም፤ አንተን ማን ከልካይ አደረገህ አልሁት። እርሱ ግን መልስ ሳይሰጠኝ በገደሉ ላይ ወደ ቆመው የመብራት ግንብ ወሰደኝ።

ግንቡ በ1967 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የተሠራው ለማርክ አቦት መታሰቢያ ነው። ማርክ በ1965 በዚያው ከተማ ባሕር ሰጥሞ ሲሞት ዕድሜው 18 ነበር። የእኔም ዕድሜ 18 ነው። ያሠሩት ወላጆቹ ናቸው። ከ1986 ወዲህ በውስጡ የማዕበል ግልቢያ ሙዚየም አለ። በ1885 በዚህች ከተማ ማዕበል የጋለቡት ሦስት የሐዋይ መሳፍንት እንደ እኛው ተማሪዎች ነበሩ፤ እነርሱ ግን ከልጅነታቸው ባሕር የለመዱ ነበሩ።

ዛሬ ጋላቢው ሳንቃውን በገመድ ከቍርጭምጭሚቱ ጋር ያስራል። ይህ ልማድ የተስፋፋው ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው። ቀድሞ ሳንቃው ያመለጠው ሰው ዋኝቶ ማምጣት ነበረበት፤ ዋና የማያውቅ ከዚያ ስፍራ ምን ይሠራል? ገመዱ ጥቅሙ ብዙ ነው፤ እንደ እኔ ያለውንም ያለ ችሎታው ያደፋፍራል። ገመድ ደግሞ ይበጠሳል። ያመለጠ ሳንቃ የሌላውን ሰው ራስ ሊፈነክት ይችላል። የደፈርሁት በራሴ ሕይወት ብቻ ቢሆን ኖሮ ክርክሬ ትንሽ ሚዛን በደፋ ነበር።

በአንጻሩ፣ እንግዳን ለማባረር ሲሉ ብቻ «ልምድ የለህም» የሚሉ የሰፈር ልጆች በየባሕሩ ዳር አይጠፉም። ይህን አልደግፍም። መመዘኛው ዋና ማወቅና የሌላውን ተራ ማክበር እንጂ የትውልድ ሰፈር ሊሆን አይገባም።

ከሰዓት በኋላ በአጠገቡ ወዳለው ኮዌል ወደሚባለው አሸዋማ ዳርቻ ሄድን፤ ጀማሪ የሚማረው እዚያ ነው። ሰባት ጊዜ ወደቅሁ። በስምንተኛው በጕልበቴ ተንበርክኬ ጥቂት እንደ ሄድሁ፣ ዐሥር ዓመት የሚሆናት ልጅ ቀጥ ብላ ቆማ በአጠገቤ አለፈች።