ምን ስትሠራ ነበር?

«የቤት ሥራ ሰው አይጎዳም። የሚጎዳው ሕንፃ ላይ የሚሠራው ነው።»

ይህን ያለው ሰው ለማዳሞች ሠራተኛ እያገናኘ የሚኖር ነው። ያለውም ጅዳ፣ ሂንዳዊያ ውስጥ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ቶናው ሲቀዳ፣ ወገቧን ይዛ ግድግዳ በተደገፈች ሴት ፊት ነው። ሴትዮዋ ሦስት ዓመት ሙሉ ሽባ የሆኑ አዛውንት ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መታጠቢያ ቤት ብቻዋን ስታነሳ ኖራለች። ዛሬ ጀሪካን ማንሳት ተስኗታል። እሷ አቀርቅራ ዝም አለች። እኔ ዝም አልልም።

የቤት ሥራ ሰው አይጎዳም? በረኪና ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ መስኮት በሌለው መታጠቢያ ቤት ያንን የምትተነፍሰው ማን ናት? በረመዳን ለአፍጥር የፈላ ዘይት ላይ ቆማ ሳምቡሳ የምትጠብሰው፣ እስከ ስሁር ሳህን ስታጥብ የምታድረው ማን ናት? ሦስተኛ ፎቅ ላይ ግማሽ አካሏን አውጥታ መስታወት የምትወለውለውስ? ግንበኛውን እንኳ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ እንዳይሠራ የሚከለክል ደንብ አለ። ጣሪያ ላይ ምንጣፍ የምታጥበውን ልጅ ግን ማዳም «በቃሽ፣ ግቢ» ካላለቻት ማንም አይላትም።

ሰውየው አፉን ሞልቶ የተናገረው የሚቆጥር ስለሌለ ነው። የሳዑዲ የሥራ ላይ ጉዳት አኃዝ የሚለቀመው ከማኅበራዊ መድን መዝገብ ነው። ለድርጅት ሠራተኛ አሠሪው የደመወዙን 2 በመቶ ለሥራ ላይ አደጋ መድን ይከፍላል፤ ሠራተኛው ሲወድቅ ፋይል ይከፈታል፣ ቀኑና ምክንያቱ ይጻፋል። የቤት ሠራተኛ ከዚህ መድን ውጭ ናት። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የሠራተኛ ሕግም በአንቀጽ 7 ከሽፋኑ አስወጥቷታል። ከ3 ሚሊዮን በላይ የቤት ሠራተኛ ባለበት አገር የእነሱ ገጽ ባዶ ነው። ባዶ ገጽ ይዞ «የተጎዳ የለም» ማለት በር ዘግቶ ጩኸት አልሰማሁም እንደማለት ነው። ሞት ሲመጣም የሚጻፈው አንድ ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2025 እንዳጋለጠው፣ በሳዑዲ የብዙ ስደተኛ ሠራተኞች ሞት በወጉ ሳይመረመር «ተፈጥሯዊ» ተብሎ ይዘጋል። በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ጤነኛ ሰው ተኝቶ አለመነሣቱ ተፈጥሮ ነው?

ሰውየው ግን ይህን ንግግር ጅዳ አልተማረውም፤ ከአገሩ ይዞት ነው የሄደው። የእኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የግል አገልግሎት ሠራተኞችን ከሌላው ሠራተኛ ለይቶ የሥራ ሁኔታቸውን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ተወው። አዲስ አበባ ውስጥ ድስት ስታወጣ የተቃጠለች ልጅ «የሥራ አደጋ ደረሰባት» ሲባል ማን ሰምቷል? «ልጃችን ናት» እንላለን፣ ቅባት እንቀባታለን፣ ካልዳነች መሳፈሪያ ሰጥተን ወደ ገጠር እንሸኛታለን። በጓዳችን ያልቆጠርነውን ሪያድና ጅዳ እንዲቆጥሩልን በምን አፋችን እንጠይቃለን?

የምፈልገው ብዙ አይደለም። ሠራተኛ የሚልከው ኤጀንሲ፣ ጅዳ ያለው ቆንስላችን፣ ቦሌ ላይ ተመላሾችን የሚቀበለው ሁሉ ለታመመችውም፣ ለተጎዳችውም፣ ለሞተችውም አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ መልሱንም ይጻፍ። ምን ስትሠራ ነበር?

እኔ ሂንዳዊያ ያለችውን ሴት ጠየቅኳት። ቀና አለች። ወገቧ የተቀጨበትን ቀን፣ ሰዓቱን፣ አዛውንቷን በየትኛው እጇ ደግፋ እንደነበር ሳይቀር ነገረችኝ። ሰውየው አልሰማም፤ በረካውን ሳይጠብቅ ወጥቶ ሄዷል።