ጭሱ የበዛ ተሽከርካሪ ለበጎ አድራጎት ሲሰጥ፤ ስጦታ ወይስ የተላለፈ ሸክም?

በመቀሌ ከተማ አረጋውያንን፣ ወላጅ ያጡ ሕፃናትንና ሕሙማንን ለመደገፍ የተቋቋሙ ድርጅቶች ከሚጎድሏቸው ነገሮች አንዱ ተሽከርካሪ ነው። በአንጻሩ በመሥሪያ ቤቶች ግቢና በግለሰቦች ደጅ የጭስ ልቀታቸው በመብዛቱ የቴክኒክ ምርመራ ማለፍ የሚሳናቸው ያረጁ መኪኖች አይጠፉም። ያለውን ለሌለው ማካፈል ነባር ባህላችን በመሆኑ፣ እነዚህን መኪኖች ለበጎ አድራጎት መስጠት ሁለቱንም ችግሮች በአንድ ጊዜ የሚፈታ መንገድ ሆኖ ይታያል።

ሐሳቡ ቅን ነው። ይሁን እንጂ ምርመራ የወደቀ መኪና በስም ዝውውር ብቻ አይጸዳም። ባለቤቱ ቢለወጥም ጭሱ፣ የነዳጅ ፍጆታውና የጥገና ወጪው እንዳሉ ወደ ተቀባዩ ይሸጋገራሉ። በመሆኑም ስጦታውን የሚፈቅድም ሆነ የሚቀበል ኃላፊ ፊርማውን ከማኖሩ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ፣ መኪናውን ለማስተካከል የሚያስፈልገውን ወጪ ማን ይሸፍናል የሚለው ነው።

ፍላጎቱ ከየት መጣ?

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም የተካሄደው ጦርነት በትግራይ ክልል ካደረሳቸው ጉዳቶች መካከል የአገልግሎት ሰጪ ተቋማት ተሽከርካሪዎች መጥፋት ይገኝበታል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተሰኘው ድርጅት በመጋቢት 2013 ዓ.ም ባወጣው መግለጫ፣ ባልደረቦቹ ከጎበኟቸው 106 የጤና ተቋማት መካከል 70 በመቶ የሚጠጉት መዘረፋቸውንና በመደበኛ ሁኔታ ሥራ ላይ የነበሩት 13 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ገልጾ ነበር። በአዲግራት ከተማና በአካባቢዋ ብቻ 20 የሚሆኑ አምቡላንሶች መወሰዳቸውም በዚሁ መግለጫ ተመልክቷል።

ከፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት በኋላ የመልሶ ግንባታው ሥራ ቢጀመርም፣ እንዲህ ያለውን ጉድለት መሙላት ጊዜና ከፍተኛ ገንዘብ የሚጠይቅ ነው። ከዚህ አንጻር ሲታይ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ወይም የአረጋውያን መርጃ የሚሰጠውን መኪና ሁሉ በደስታ ለመቀበል ቢዘጋጅ የሚያስገርም አይሆንም። ችግረኛ ተቋም የመምረጥ አቅሙ አነስተኛ ነው። ስለዚህም የመጠንቀቅ ኃላፊነቱ በአብዛኛው የሚወድቀው በሰጪው ላይ ነው።

የምርመራው ውጤት ምን ይነግረናል?

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ እንዲያደርጉ ያስገድዳል። በመኪናው መስታወት ላይ የሚለጠፈውና በተለምዶ ቦሎ የምንለው ምልክት የዚሁ ምርመራ ማረጋገጫ ነው። ልቀትን በሚመለከት ምርመራው በቤንዚን ሞተሮች ላይ በዋናነት የካርቦን ሞኖክሳይድንና ያልተቃጠለ ነዳጅን መጠን፣ በናፍጣ ሞተሮች ላይ ደግሞ የጭሱን ጥቁረት ይለካል።

የጭሱ ቀለም ራሱ ለባለሙያ መረጃ ነው። ጥቁር ጭስ ነዳጁ በሚገባ አለመቃጠሉን ያመለክታል፤ መንሥኤውም የተደፈነ የአየር ፊልትሮ፣ የተበላሸ ኖዝል ወይም ያልተስተካከለ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይጠቁማል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ከፋሻ ማለቅ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ሞተር እስከ ማደስ ያደርሳል። በብዛት የሚወጣና የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ደግሞ የማቀዝቀዣ ውኃ ወደ ሞተሩ ውስጥ እየገባ ስለመሆኑ ምልክት ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዱ በጥቂት ወጪ የሚስተካከል ሲሆን፣ አንዳንዱ ግን ከመኪናው ዋጋ ጋር የሚፎካከር ገንዘብ ይጠይቃል። ስለሆነም "ምርመራ ወድቋል" የሚለው ቃል ብቻውን ለውሳኔ አይበቃም፤ በምን ምክንያት እንደወደቀ የሚገልጽ የባለሙያ ማስረጃ ያስፈልጋል።

የመቀሌ መልክዓ ምድርም በጉዳዩ ላይ ድርሻ አለው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በዚህም ሳቢያ ለቆላ አየር የተስተካከለ አሮጌ የካርቡሬተር ሞተር በከተማዋ ሲሠራ ከአየሩ ጋር ያልተመጣጠነ ብዙ ነዳጅ ያቃጥላል፤ ጭሱም ይጨምራል። አልፎ አልፎ ለችግሩ መፍትሔ የሚሆነው ሞተሩን ለከፍታው በሚስማማ ሁኔታ ማስተካከል ብቻ ነው።

በጤና በኩል ያለው ጉዳት አከራካሪ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ሞተር ጭስን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ተርታ የመደበው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ለበጎ አድራጎት የተሰጠ መኪና በሕፃናት ማሳደጊያ ግቢ ውስጥ ሞተሩ ሳይጠፋ ሲቆም፣ ወይም ሕሙማንን ጭኖ ሲመላለስ፣ ጭሱን ቀድመው የሚተነፍሱት ስጦታው ሊጠቅማቸው የታሰቡት ሰዎች ናቸው።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ

ያረጁ መኪኖችን ለበጎ አድራጎት መስጠት በስፋት የሚታወቀው በአሜሪካ ነው። በዚያ አገር አብዛኞቹ ድርጅቶች የተሰጣቸውን መኪና ራሳቸው አይነዱትም፤ በጨረታ ሸጠው ገንዘቡን ለሥራቸው ያውሉታል። ሰጪው በበኩሉ የግብር ቅናሽ ያገኝ ነበር። ይሁንና የአገሪቱ ምክር ቤት የኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ባቀረበው ሪፖርት 54 ስጦታዎችን ተከታትሎ፣ ከእነዚህ ውስጥ በሁለት ሦስተኛው ያህል ድርጅቶቹ እጅ የገባው ገንዘብ ሰጪዎቹ ለግብር ካስመዘገቡት ዋጋ 5 በመቶ ወይም ከዚያ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ከዚህ በመነሣት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ድርጅቱ መኪናውን ከሸጠው የግብር ቅናሹ በአመዛኙ መኪናው በተሸጠበት ትክክለኛ ዋጋ እንዲወሰን ተደርጓል። ድርጅቱ መኪናውን ለሥራው ከተጠቀመበት ወይም በሚገባ ካሳደሰው ግን የተለየ አሠራር ተፈቅዷል።

የለንደን ከተማ ምሳሌ ከጉዳያችን ጋር ይበልጥ ይቀራረባል። ከተማዋ ከፍተኛ ልቀት ያላቸው ተሽከርካሪዎች የሚከፍሉበትን ቀጣና እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ወደ ሁሉም ክፍለ ከተሞች ስታስፋፋ፣ መስፈርቱን የማያሟሉ መኪኖቻቸውን ለሚያስወግዱ ነዋሪዎች የገንዘብ ድጋፍ ትሰጥ ነበር። የኪየቭ ከተማ ከንቲባ እነዚህ መኪኖች ከሚጨፈለቁ ለዩክሬን እንዲሰጡ ጠየቁ። የለንደን ከንቲባ ጽሕፈት ቤት መርሐ ግብሩ የለንደን ነዋሪዎችን መጥቀም አለበት በሚል በመጀመሪያ ሳይቀበለው ቢቀርም፣ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2024 ጀምሮ መኪኖቹ በአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት በኩል ወደ ዩክሬን እንዲሄዱ ተፈቅዷል።

ከዚህ ሁለት ነገሮችን መገንዘብ ይቻላል። የመጀመሪያው፣ ጥያቄው የመነጨው ከተቀባዩ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ መኪኖቹ ለንደንን ለቀው በመሄዳቸው የከተማዋ አየር ላይ የሚደርሰው ብክለት ቀንሷል። በመቀሌ ግን ከሐድነት ተነሥቶ ወደ ዓይደር የሚሰጥ መኪና ከተማዋን አይለቅም፤ ጭሱም ከዚያው ሕዝብ አይርቅም።

ጭስ ከሀብታም ወደ ድሃ አገር የሚሻገርበት ሌላም መንገድ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ከ2015 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል ተሽከርካሪዎች ከአውሮፓ፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ ወደ ሌሎች አገሮች ተልከዋል። ትልቁን ድርሻ የተቀበለችው አፍሪካ ነበረች። ከጥናቱ 146 አገሮች መካከል ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ያገለገሉ መኪኖችን ለመቆጣጠር ያላቸው ፖሊሲ ደካማ ወይም እጅግ ደካማ ተብሏል።

የእኛ ሁኔታ የሚለይበት ምክንያት

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ጠንካራ እርምጃዎችን ወስዳለች። በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ተጥሏል። በጥር 2016 ዓ.ም ደግሞ ከኤሌክትሪክ መኪኖች በስተቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታውቋል። እነዚህ እርምጃዎች ከውጭ የሚመጣውን ጭስ የሚያስቀሩ ቢሆኑም፣ በአገር ውስጥ የሚገኙት አሮጌ መኪኖች ዋጋቸውን ይዘው ለረዥም ጊዜ በመንገድ ላይ እንዲቆዩ የሚገፋፋ ገጽታም አላቸው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ ምርመራ የወደቀ መኪና ብዙውን ጊዜ ዋጋው ያለቀ በመሆኑ ለበጎ አድራጎት ይሰጣል፤ ይሸጣል፤ ወደ ብረት መጨፍለቂያም ሊሄድ ይችላል። በአገራችን ግን የማይንቀሳቀስ መኪና እንኳ ገዢ አያጣም፤ መለዋወጫውም ብረቱም ይፈለጋል። በሌላ በኩል የእኛ በጎ አድራጎት ድርጅት መኪና የሚፈልገው ለመሸጥ ሳይሆን በየዕለቱ ለመንዳት ነው። ስለዚህ መስተካከል የማይችለውን መኪና ሸጦ ገንዘቡን መስጠት፣ መኪናውን እንዳለ ከመስጠት የበለጠ ጥቅም ያስገኛል። የነዳጅ ድጎማ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየተነሣ በመምጣቱም፣ ነዳጅ በከንቱ የሚያቃጥል ሞተር ለአንድ አነስተኛ ድርጅት ቋሚ ዕዳ ይሆናል።

ሕጉና ሰነዱ

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው የአካባቢ ደረጃዎችን በመጣስ አካባቢን እንዳይበክል ብቻ ሳይሆን ሌላ ሰው እንዲበክል እንዳያደርግም ይከለክላል። የሚጨስ መኪና እያወቀ ለሌላ የሚያስተላልፍ ሰው ይህን ድንጋጌ ልብ ሊለው ይገባል።

የባለቤትነት ጉዳይም ክብደት አለው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። መኪናውን አስረክቦ ሊብሬውን በስሙ ያቆየ ሰጪ፣ ነገ አደጋ ቢደርስ ጥያቄው ወደ እርሱ ሊመለስ እንደሚችል ማወቅ አለበት። ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን የሌለው መኪና የተረከበ ድርጅትም ሊያንቀሳቅሰው አይችልም። መኪናው ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ደግሞ ከመተላለፉ በፊት የቀረጥና የታክስ ጉዳዩ በጉምሩክ በኩል እልባት ማግኘት ይኖርበታል።

የመንግሥት ተሽከርካሪ ሲሆን ጥንቃቄው ከዚህም ይጠብቃል። የመንግሥት ንብረት አወጋገድ በሕግ የሚመራ በመሆኑ፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ በግል ደግነቱ ብቻ ተነሣሥቶ ሊሰጠው አይችልም።

ምን ይደረግ?

ከላይ ከተዘረዘሩት ነጥቦች በመነሣት ሥራ ላይ ሊውል የሚችል ቀላል አካሄድ ማስቀመጥ ይቻላል። በቅድሚያ ሰጪው መኪናው የወደቀበትን ምክንያትና የጥገናውን ግምት በባለሙያ ያስጽፍ። ጥገናው የሚያዋጣ ከሆነ በራሱ ወጪ አስጠግኖ፣ መኪናው ምርመራውን ካለፈ በኋላ ከነሙሉ ሰነዱ ያስረክብ። የማያዋጣ ከሆነ ግን በመለዋወጫነት ወይም በቁርጥራጭ ብረትነት ሸጦ ገንዘቡን ለድርጅቱ ገቢ ያድርግ። በዚህ ጊዜም አሮጌው ባትሪና የተቃጠለ ዘይት በየሜዳው እንዳይደፉ መቆጣጠር ይገባል።

ተቀባይ ድርጅቶችም የሚያስፈልጋቸውን የመኪና ዓይነት፣ ሊሸፍኑት የሚችሉትን ዓመታዊ የነዳጅና የጥገና ወጪ አስቀድመው በጽሑፍ ቢያሳውቁ፣ የማይጠቅማቸውን ስጦታ ያለ ኀፍረት ለመመለስ ይረዳቸዋል። የትራንስፖርትና የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች በበኩላቸው ለበጎ አድራጎት የሚሰጡ መኪኖች የስም ዝውውር ከመፈጸሙ በፊት የልቀት ምርመራ ውጤታቸው እንዲያያዝ ቢያደርጉ፣ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ወረቀት ብዙ ችግር ያስቀራል።

በርግጥ አስቸኳይ ሁኔታ ሲያጋጥም ምርጫው ከባድ ይሆናል። ወላድ ለማድረስ ሌላ መኪና በሌለበት ቦታ፣ የሚጨስ አምቡላንስ ከባዶ ደጅ ይሻላል። ሆኖም እንዲህ ያለው ስጦታ የሚጠገንበት ቀንና ወጪውን የሚሸፍነው አካል በርክክቡ ሰነድ ላይ አብረው ሊሰፍሩ ይገባል። ይህ ካልተደረገ ጊዜያዊ መፍትሔ ተብሎ የገባው መኪና ለዓመታት በዚያው ጭሱ ሲያገለግል ይኖራል፤ ወጪውንም ሕመሙንም የሚሸከሙት ስጦታው የተሰጠላቸው ወገኖች ይሆናሉ።