ጎረቤት ሲገነባ

ጎረቤታችሁ ተጨማሪ ክፍል ሊሠራ መሠረት ቢቆፍር ምን ታደርጋላችሁ? «በገዛ ግቢው ማን ከልካይ አለበት?» ብሎ ዝም ማለት ትዕግሥት አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለሀብት በሀብቱ ሲገለገል ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ያዛል። የሕንፃ አዋጅም ያለ ፈቃድ መገንባትን ከልክሏል። ስለዚህ ቁፋሮው አጥራችሁን የሚያናጋ፣ የጣሪያው ውሃም በግድግዳችሁ ላይ የሚወርድ ከሆነ መቃወም መብታችሁ ነው። የእርሱ ቤት ከእናንተ ቤት ማማሩ ግን ጉዳት አይደለም፤ አቤቱታ ከምቀኝነት ሊነሣ አይገባምና። የቆመ ግንብ ማፍረስ ለሁለቱም ወገን ኪሳራ ስለሆነ አስቀድማችሁ በቃል ንገሩት፤ እንቢ ቢል ጉዳቱን ለይታችሁ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ አመልክቱ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚሻለው፣ ሁለቱም ወሰናቸውን ሲያውቁ ነው።